«አለቀ» የማይባልበት ሱቅ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የእኔን የክርና የቁልፍ ሱቅ ከእሷ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ሰፈሩ «እትዬ ነገ» ይላታል። በፍቅር ያወጡላት ስም እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ነው። ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ማፍረሱ የታወቀ ነው፣ እሷ ግን ባሰባት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን «ነገ ና» ትለዋለች፤ በነጋታው ሲመጣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ነገ» ትለዋለች። የተናደደው ደንበኛ ወደ እኔ ዞር ብሎ ሲያማት፣ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ አንድ ሁለት ቁልፍ እሸጥለታለሁ። እውነቱን ለመናገር በእሷ ስንፍና ብዙ ተጠቅሜያለሁ።

የዘገየው ልብስ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ግማሹ የለየለት ስንፍና ነው፤ ይኼን ደብቄ ቅድስት ባደርጋት መጀመሪያ የምትስቅብኝ እሷ ራሷ ናት። ግማሹ ግን ሌላ ነገር ነው። ይኼን ያወቅሁት አንዲት መምህርት ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ቀን ነው። ጎረቤቴ ያኔ እንደማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀሚሱን አጣጥፋ፣ «በይ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለቀልሽ» አለቻት። መምህርቷ እጇን አልዘረጋችም። «እኔም አለቀልኝ» አለችና ወለሉ ላይ፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ዝርፍጥ አለች።

ቃሉ አንድ ነው። ልብስም ያልቃል፣ ሰውም «አለቀለት» ይባላል። እኔ ብሆን «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ብዬ ሸኝቻት ነበር። ጎረቤቴ ግን የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በጣውላው በኩል ጥርት ብሎ ሰማሁ፤ «ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?» አለቻት። እንዲሁ ነው፣ ሳታለሳልስ። የያዝኩት የቁልፍ ሣጥን ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ሴትዮዋ ያላሰበችውን ብታሳስባትስ? በፍርሃት ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። መምህርቷ አለቀሰች፣ አለቀሰችና «አዎ» አለች። ያቺን «አዎ» ስታወጣ፣ ጀርባዋ ላይ የተጫነ ነገር የወረደላት ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ያን ቀን ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቀሚሱን ጎረቤቴ መልሳ ሰቀለችው። «ጫፉን አልወደድኩትም፤ ነገ ነይ» አለቻት። መምህርቷም በማግስቱ መጣች።

ከዚያ ወዲህ «አለቀ» የሚባል ቃል ከዚያ ሱቅ ወጣ። ልብስ «ደረሰ» እንጂ «አለቀ» አይባልም። ቃሉ ብቻውን ወጥቶ ቢቀር ጥሩ ነበር፣ ግን «ልሙት»ንም፣ «በሞቴ»ንም፣ «አፈር ስሆን»ንም ይዟቸው ወጣ። እኔ ደግሞ «ልሙት በዚህ ዋጋ አልሸጥኩም» ሳልል አንድ ዚፕ የማልሸጥ ሴት ነኝ። እሷ ሱቅ በገባሁ ቁጥር አፌ ተሸብቦ ዲዳ መሰልኩ። «ምን ብዬ ልማል ታዲያ?» ስላት፣ «አትማይ። ማን አላመነሽም?» አለችኝ።

አሠራሯ ይኼው ነው። ደንበኛ ሲመጣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወገቡን እየለካች «እንዴት ነህ?» ትለዋለች፤ መልሱ ካላማራት እንደገና ትጠይቀዋለች፤ አሁንም ካላማራት ያንን ከባዱን ጥያቄ ትጠይቀዋለች። የፈራችለትን ሰው እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው ሲስተር ትወስደዋለች። «እኔ እስከ በሩ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የሲስተር ነው» ትላለች። ሲስተርን ሳያገኝ ለሚያልፉት ቀናት ደግሞ አንድ ልብሱን ትቀበለዋለች። ያ ልብስ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ይሰቀላል፣ በጭራሽም አይደርስም። ዛሬ ክር ጠፋ ይባላል፣ ነገ መብራት የለም፣ ከነገ ወዲያ «ትከሻው አልጣመኝም፣ እስቲ ልለካህ»። ሰውየው እየተነጫነጨ ይመለሳል። መነጫነጩን ስትሰማ ደስ ይላታል።

የመጋረጃው ጀርባ የማን የማን ልብስ እንደሆነ ከሲስተር በቀር ለማንም አትናገርም። እኔም የማውቀው ጣውላው ስስ ስለሆነ ነው። አብራት የምትሰፋው ልጇ እንኳ አታውቅም፤ ከባዱ ጥያቄ ሊጠየቅ ሲል ሁሌ የሆነ ነገር ግዢ ተብላ ትላካለች፤ ያንን ሁሉ ልብስ የእናቷ ስንፍና አድርጋ ነው የምታየው፤ የቃሉንም ነገር የእርጅና አመል አድርጋ ትስቅበታለች። እጇ የተባረከ፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። የሰው ልብስ ሲያድር ያማታል።

ሲስተር አንድ ቀን ፊቷ እየበራ መጣችና ጎረቤቴ ልትሸለም እንደሆነ ነገረችን። ራስን ማጥፋትን በመከላከል ለሰፈሯ ላደረገችው ሥራ፣ በትልቁ አዳራሽ፣ ካሜራ ባለበት። ጎረቤቴ መቀሷን አስቀመጠችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሲስተር፣ እባክሽ ይቅርብኝ» አለች። «ሱቄ ለዚህ ነገር መሆኑ በአደባባይ ከታወቀ ማን ደፍሮ ይገባል? ቁልፍ ሊያስተክል የገባውን ሁሉ 'እሱም ራሱን ሊያጠፋ ነበር' እያሉ ያሙታል። አንድ ሰው በር ላይ ደርሶ አፍሮ ቢመለስስ?»

«እትዬ፣ የሚገድለን እኮ ይኼ ማፈር ነው» አለች ሲስተር። «መናገር እንደሚቻል ሰው ይስማ። እርስዎን ያየ ነገ እሱም ጎረቤቱን ይጠይቃል።»

እኔም ከሲስተር ጎን ቆምኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ አልጸጸትም። የማንም ስም እንዳይነሳ ቃል ተገብቶላት በግድ እሺ አለች። ልጇ ግን በደስታ የምትሆነውን አጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን በዐይኗ ትለካው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።

በዚያ ሰሞን ጎረቤቴን እንቅልፍ የነሳት ሽልማቱ አልነበረም፣ አንድ ደንበኛዋ ነው። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ድንገት መንገድ ውስጥ የገባ ሰው ሞተበት። ጥፋተኛ አይደለህም ተብሎ በነጻ ቢሰናበትም፣ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ገበሩ የተቀደደ ቡናማ ኮት ይዞ መጣ፤ ጥያቄው ተጠየቀ፤ «አዎ» አለ። ሲስተር ጋ በየሳምንቱ ይሄዳል። በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

«ነገ ትመጣለህ?» ትለዋለች ሲነሳ።

«ኮቴ ካልደረሰ ምን ምርጫ አለኝ?» ይላታል። ይቺ የሁለቱ ቀልድ ነበረች።

አንድ ቀን ግን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «እትዬ፣ እኔን እዚህ ያቆየኝ እኮ ይኼ ኮት ነው» አላት። የስፌት መኪናው ቆመ። የዚያኑ ቀን ሲስተር ጋ ሮጠች። ሲስተር ቀጠሮውን አቀረበችለት፤ ሌላ ከተማ ያለች እህቱንም በእሱ ፈቃድ አነጋገረቻትና በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ አብራው ልትኖር ተስማማች። እስከዚያ ኮቱ መድረስ የለበትም። «ሰው በክር ይንጠለጠላል ወይ?» አለችኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን።

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሽልማት። እኛ የፊት ወንበር ላይ ነን፤ ልጇ በእኔና በእናቷ መሃል፣ ሲስተር ከወዲያ ጫፍ። ጎረቤቴ የማይመቻት አዲስ ጫማ አድርጋ ጣቶቿን ስትፈትል፣ ልጇ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እማዬ፣ ሱቅሽን ብታዪው አታውቂውም።»

«ምን አድርገሽው?»

«ካሜራዎቹ ከዚህ በኋላ ወደ ሱቅ ይሄዳሉ አሉ። ያንን ሁሉ የቆየ ልብስ ያንሡ ታዲያ? 'ተሸላሚዋ ሥራ አትጨርስም' ሊሉሽ? ትናንት ሲስተር ፀጉርሽን ልታሠራሽ ስትወስድሽ፣ እኔና ጓደኛዬ ተጋግዘን ሁሉንም ሰፍተን የመጋረጃውን ጀርባ ሙልጭ አደረግነው። ዛሬ ጠዋት ለየባለቤቱ አደረስኩት።»

ጎረቤቴ የልጇን ክንድ ጨበጠች።

«የሾፌሩንስ?»

«የጋሼን? እሳቸውንማ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የሰጠኋቸው። 'ጋሼ፣ በስንት መከራ አለቀልዎት!' ስላቸው ሳቁ። 'አዎ ልጄ፣ አለቀልኝ' አሉኝ። ሲያወሩ እንዴት ደስ ይላሉ።»

ጎረቤቴ ተነሳች። በዚያው ቅጽበት መድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን መታ መታ አደረገና «ለላቀ አስተዋጽኦዋ…» ብሎ ጀመረ፤ ሰዉም እሷ ወደ መድረክ የምትሄድ መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። እሷ ግን ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኳት። ጭብጨባው እስከ በሩ ሸኘን፣ ከዚያ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

ሲስተር ደጃፍ ላይ ደረሰችብን። በሹክሹክታ ነገርናት። ስልኳን አውጥታ ሾፌሩ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ፊቷን አየሁት፤ ሲስተርም ፈርታለች፣ እሷ ስትፈራ ደግሞ የእኔ ባሰ። «የሌሎቹንም ልብስ ነው የመለሰችው» አለች ፈጥና። «እኔ ሁሉንም አንድ በአንድ ልደውልላቸው። እናንተ ቤቱ ሂዱ። ብቻውን እንዳትተዉት፤ ካገኛችሁት እዚያው ሁኑና ደውሉልኝ።»

ታክሲ ያዝን። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ካፊያ ጀምሯል፣ ባለታክሲው ሬዲዮ ከፍቶ ይዘፍናል። አፍንጫውን ብለው ደስ ባለኝ። ጎረቤቴ ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ለመሮጥ ይመስላል። «አይዞሽ» ልላት ፈለግሁ። ምን አውቄ ነው አይዞሽ የምላት?

ሾፌሩ ቤት በሩ ከውጭ ተቆልፏል። በሩን ስንደበድብ ጎረቤቱ የሆነች ሴት ብቅ አለች።

«ጠዋት ነው የወጡት» አለች። «ዛሬማ ዘንጠዋል፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። ቤታቸውን አጸዱ፣ ሬዲዮናቸውንም ለእኔ ሰጡኝ።»

«ለምን ሰጡሽ?» አለች ጎረቤቴ።

«እኔ እንጃ። 'አንቺ ብትሰሚው ይሻላል' አሉኝ። ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

ጎረቤቴ የበሩን ጓጉንቸር በእጇ ጨብጣ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፣ እኔም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እዚያ ደጃፍ ላይ የመሸ መሰለኝ፤ ሰዓቱ ግን ገና ከሰዓት በኋላ ነው።

መናኸሪያ ሄድን። የድሮ ባልደረቦቹ በአውቶቡሶቹ መሃል እየዞሩ ጠየቁልን፤ ያየው የለም። አንዱ «እሱ እኮ እዚህ መምጣት ካቆመ ቆየ» አለን። ሲስተር ደወለች፤ የሌሎቹን ልብሶች ባለቤቶች ሁሉ አግኝታቸዋለች፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንዷ እንዲያውም «ዛሬ ልብሴ ሲመጣልኝ ደነገጥኩ፣ ነገ ልምጣ ወይ?» ብላታለች። የቀረው እሱ ነው።

«አሁን እኮ ሱቅ የሚመጣበት ሰዓት ነው» አልኳት።

ጎረቤቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ተዘግቷል እኮ! መጥቶ ተዘግቶ ካገኘውስ?»

ሮጥን። እኔ እንኳን መሮጥ በወጉ መራመድም አቅቶኛል፣ ግን ሮጥኩ። እሷ በባዶ እግሯ ቀደመችኝ። ከመታጠፊያው ስንደርስ ቆመች፤ ለማየት ፈርታ ነው የቆመችው። እኔም ፈርቼ ጀርባዋን ገፋሁት።

ሾፌሩ ከተዘጋው ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ካፊያው እየመታው በሸሚዝ ብቻ ነው። ኮቱ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ገበሩ ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ ተንዘላዝሏል። ሲያያት እንደ ተማሪ ብድግ አለና ኮቱን ዘረጋላት።

«እትዬ» አላት፣ «አላለቀም።»

ጎረቤቴ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ኮቱን እያየ ማውራት ጀመረ።

«ልጅቷ ሰጥታኝ ስትሄድ ለበስኩት። ልክክ አለብኝ። በሬን ቆልፌ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አውቄ ነበር የወጣሁት፣ እትዬ፣ አልዋሽሽም። መንገድ ላይ 'ዛሬ ከሰዓት ሱቅ ምን ብዬ ልሂድ?' አልኩ። ነገስ? ሰበብ አጣሁ። ከዚያ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ተረተርኩት።»

«አሁንስ?» አለችው። «አሁንም አስበሃል?»

«እንደ ጠዋቱ አይደለም። ግን ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። እንዲህ ስትል እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «እንግዲህ ፈርተንም ቢሆን አብረን እንሄዳለን። ዛሬ ሲስተር ጋ ነን፤ እህትህም እስክትመጣ አንጠብቅም፣ ዛሬውኑ እንደውልላታለን። ነገ ደግሞ እዚህ ትመጣለህ። ስማኝ ወንድሜ፤ ኮት ባይኖርህም ና። ባዶ እጅህን ና። ሰበብ አያስፈልግህም።»

እሱ ራሱን እሺ በሚል ነቀነቀ። እኔ ለሲስተር ደውዬ «አገኘነው፣ ሱቅ ነን» ስላት፣ ከስልኩ ወዲያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ብዙም ሳይቆዩ ሲስተርና ልጅቷ ከታክሲ ወርደው መጡ። ልጅቷ ሽልማቱን፣ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። መንገድ ላይ ሲስተር ነግራታለች መሰለኝ፣ ዐይኗ ቀልቶ አብጧል። ሾፌሩን ስታየው ቆመች። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች።

እሱ ቀደማት። «ስፌትሽ ጠንካራ ነው፣ ልጄ» አላት። «በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

ጎረቤቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች፣ እኔም ተከተልኩ። ልጅቷ አልሳቀችም። ሽልማቱን እኔን አስይዛ ቁልፏን አውጥታ ሱቁን ከፈተች። ኮቱን ከእጁ ተቀበለች። መጋረጃውን ገለጠች፤ ጀርባው ባዶ ነበር፣ የተሰቀለ አንድ ነገር የለም። የተተረተረውን ኮት አንጠልጥላ ሰቀለችውና ገበሩን በእጇ ደባበሰችው። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ» አለችው፣ «ነገ ይምጡ።»